ያልታዘዘ ጥገና

የይመር ኤንትሬ በጥር ወር መጨረሻ፣ ከአውቶቡስ ተራ ጀርባ ካለው የሙህዲን ጋራዥ በር ላይ ስትደርስ ሞተች። ይመርም በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ መኪናው ስትሞትበት «አልሐምዱሊላህ» አለ።

ሃያ ሁለት ዓመት ሲነዳት እንዲህ ብሎ አያውቅም። ይህች ጣሊያን ሠራሽ የጭነት መኪና እጁ ከገባችበት ቀን ጀምሮ ያልተፈታ ዕቃ፣ ያልተበየደ ብረት የላትም። መሪዋ ከአንዲት፣ ባሌስትራዋ ከሌላ፣ የግራ በሯ ደግሞ አዋሽ መንገድ ላይ ከተገለበጠች ሦስተኛ መኪና የመጣ ነው። በሩ ቀይ ነው፤ እሷ ሰማያዊ ናት። ከመንገድ ይልቅ ጋራዥ ውስጥ ስለምትውል የአውቶቡስ ተራ ተሸካሚዎች «ተኝታ ታካሚ» የሚል ስም አውጥተውላታል።

«ጋሼ ይመር፣ ዛሬስ ሐኪሙ ምን አለ?» ይሉታል ሲያልፍ።

«ያንተን ወገብ ቀብራ ነው የምትሞተው አለኝ» ይላል እሱ። አፉን ገትቶ አያውቅም። ሰዎቹም ይህን ስለሚያውቁ ነው የሚነካኩት።

እንዲህ የሚሳሳላት መኪና ስትሞት ደስ ያለው ያለ ነገር አይደለም።

በታኅሣሥ የስምሪት ኮሚቴው ጠርቶት ነበር። እህል ወደ ወሎ ውሰድ አሉት። ይመር ወሎዬ ነው፤ ወገኑ በረሃብ እያለቀ እህል ጫን ሲባል አላመነታም፣ እንዲያውም በሌሊት፣ ወፍ ሳይንጫጫ ተነሥቶ ነበር የሄደው። እህሉን ካራገፈ በኋላ ግን ባዶ አልመለሱትም። በአንዲት የገበያ ከተማ፣ እህል ይታደላል ተብሎ የተጠራ ሕዝብ ሜዳ ላይ ተቀምጦ ሲጠብቅ በጠመንጃ ከበቡት፤ ስልሳ ሰው ቆጥረው የይመር መኪና ላይ ጫኑ። ወደ ሰፈራ ነው፣ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ለም መሬት። ወታደር ጎኑ ተቀመጠ። ከኮምቦልቻ ጀምሮ አንድ ሰው የጋቢናውን ጣሪያ በጡጫ ይደበድብ ጀመር። «ሚስቴ ውሃ ልትቀዳ ወርዳለች! አቁሙልኝ! ሚስቴ ወንዝ ወርዳለች!» ይላል። ይመር ወደ ወታደሩ ዞረ። «ንዳ» አለው ወታደሩ። ይመር ነዳ። ደብረ ብርሃን ሲደርሱ ጡጫው ቆመ፤ ደክሞት ይሁን ተስፋ ቆርጦ ይመር አላወቀም። ወርዶ ሊያየው ወኔ አጣ። በመጨረሻ የተሰጠው የማስረከቢያ ወረቀት ላይ «በፈቃደኝነት የተነሡ፦ ስልሳ» ይላል። ይመር ማንበብ ይችላል። ያን ዕለት ባልቻልኩ ብሎ ተመኘ።

አዲስ አበባ ሲመለስ ሁሉንም ለሚስቱ ለሰዓደት ነገራት። ለሌላ ለማንም አልተነፈሰም።

ሰዓደት አንዋር መስጊድ አጠገብ በርበሬና ቅመም የምትቸረችር፣ ቃል የማታባክን ሴት ናት። ሰምታ ስትጨርስ «ድጋሚ ቢጠሩህስ?» አለችው።

«አልሄድም።»

«አልሄድም ያሉት የት እንዳሉ ታውቃለህ።»

«ልሽጣታ!»

«ማን አብዷል የሚገዛህ?» አለች። ጥቂት አሰበችና «ሃያ ሁለት ዓመት እንዳትሞት ስትለማመጣት ኖረሃል። አሁን ተዋት። የሞተ መኪና ማን ያዝዘዋል?» አለችው።

ለዚህ ነው በጥር መጨረሻ ሞተሩ ነጭ ጭስ ሲተፋ ይመር ፊቱን ወደ መስኮት አዙሮ ፈገግ ያለው። ሙህዲን የዘይት መለኪያውን ስቦ አወጣ። ዘይቱ ወተት የገባበት ሻይ መስሏል። በሞተሩና በክዳኑ መካከል የሚገባው ስስ ሽፋን፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ተቃጥሎ ውሃ ከዘይት ጋር ተቀላቅሏል ማለት ነው።

«አለቀላት፣ ጋሼ ይመር» አለ ሙህዲን፣ እንደ እውነተኛ አስታማሚ አንገቱን ደፍቶ። «ጓርኒሲዮን በመርካቶ ሙሉ የለም። የውጭ ምንዛሪ የለም ተብሎ መግባት ካቆመ ሁለት ዓመቱ።»

«ተዋት» አለ ይመር። «ትረፍ።»

ሙህዲን ቀና ብሎ አየው። የዘይት መለኪያውን ቀስ ብሎ ወደ ቦታው መለሰው። ይመርም ምክንያቱን አልነገረውም። ሙህዲንን ስላላመነው አይደለም፤ ሙህዲን በጋራዡ ውስጥ ያደገ፣ አባቱ የይመር መካኒክ የነበረ ልጅ ነው። ግን በዚያ ዘመን ሰው ወዳጁን ከሚጠብቅባቸው መንገዶች አንዱ ምንም አለመንገር ነበር። ያልሰማ ሰው ቢገርፉትም የሚያወጣው ነገር የለውም።

በየካቲት መጀመሪያ ሁለተኛው ትእዛዝ መጣ። ደብዳቤው፣ የመኪና ብልሽት አለብን የሚሉ ባለንብረቶች ቅዳሜ ጠዋት በቴክኒሻን እንደሚፈተሹ፣ ለጉዞ ብቁ ያልሆነች መኪና ከስምሪት እንደምትሰረዝ ይገልጻል። ይመር ደብዳቤውን ለሙህዲን አሳየውና «ቅዳሜ ሊያዩዋት ይመጣሉ» ብቻ ብሎት ሄደ። ከዚያ በኋላ አራት ቀን ሙሉ ወደ ጋራዡ ዝር አላለም። መኪናዋ አጠገብ ታይቶ አንድ ነገር ነቀለ እንዳይሉት ነው። ቤቱ ተቀምጦ ያዘነ ሰው ፊት ሲለማመድ ሰነበተ፤ ሰዓደት እያየችው ትስቅ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት በሁለት ሰዓት ከጋራዡ ሲደርስ ኮሚቴው ቀድሞት ነበር። ሰብሳቢው ጓድ አሸብር ካኪ ለብሶ ቀበቶውን አጥብቆ ታጥቋል። ከአብዮቱ በፊት ሲኒማ ራስ በር ላይ ትኬት ይቀድ ነበር፤ አሁንም ማን እንደሚገባና ማን እንደሚወጣ የሚወስነው እሱ ነው። አጠገቡ ቴክኒሻኑ ወርቁ፣ ቀጭን፣ መነጽራም ወጣት፣ ሰሌዳና እርሳስ ይዟል። አንድ የአብዮት ጥበቃ ጠመንጃውን በትከሻው አንግቶ በሩ ላይ ቆሟል። ተሸካሚው፣ ዳቦ ሻጯ፣ ጎሚስታው ሁሉ ተሰብስቦ ደግሞ ግቢውን የሰርግ ቤት አስመስሎታል።

«ጓድ ይመር» አለ አሸብር፣ «መኪናህ ታማለች አሉ።»

«ታማ እንኳን አይደለም። ሞታለች። እናንተም ለቅሶ ልትደርሱ ከሆነ የመጣችሁት፣ እግዜር ይስጥልኝ።»

ተሸካሚዎቹ ሳቁ። አሸብር አልሳቀም።

«እስቲ አስነሣት።»

«ሬሳ እንዴት ነው የሚነሣው?»

«አስነሣ አልኩህ!»

ይመር ያንን የተለማመደውን ፊቱን አድርጎ፣ እንደ በሽተኛ እየተጎተተ ወደ ጋቢናው ወጣ። ሙህዲንን ባያየው ጥሩ ነበር፤ አየው። ሙህዲን ከሞተሩ አጠገብ ቆሞ፣ ዓይኖቹ በእንቅልፍ እጦት ቀልተው፣ ፊቱ ሁሉ ዘይት ሆኖ፣ እንደ ሙሽራ ይፈነድቃል። ይመር ቁልፉን አዞረ።

በአንድ ዙር ተነሣች። ማንቋረር የለ፣ ማስነጠስ የለ፣ መገፋት የለ። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ እንዲህ ተነሥታ አታውቅም። ድምጿ ከመርከብ የወረደች አዲስ መኪና ይመስላል። ግቢው በጩኸትና በፉጨት ተናወጠ፤ ዳቦ ሻጯ እልል አለች። «ተኝታ ታካሚ ተነሣች! ሐኪሙ ይኑርልን!» አለ አንዱ ተሸካሚ። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ያላጨበጨበው ባለመኪናው ብቻ ነበር።

ቴክኒሻኑ ወርቁ ጎንበስ ብሎ አየ፤ በሞተሩና በክዳኑ መካከል ቀጭን ቀይ መስመር ያበራል። «ይሄ ምንድን ነው? መዳብ ነው?»

«የእናቴ ትሪ ናት» አለ ሙህዲን ደረቱን ነፍቶ። «ፍም እስክትመስል አግዬ ውሃ ውስጥ ነከርኳትና ለሰለሰች። ከዚያ በመቀስና በሞረድ ነው የቆረጥኳት። ሦስት ቀን ፈጀችብኝ።»

ይመር አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ጥርሱን ነከሰ። «ማን አዘዘህ?» አለው በሹክሹክታ። «አንተ ከይሲ፣ ተዋት አላልኩህም?»

ሙህዲን ተጠጋና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ምንም አይበሉ፣ ጋሼ ይመር። ገብቶኛል። ተዋት ያሉኝ ለምን እንደሆነ ያኔውኑ ነው የገባኝ። ሲጭኑ ይከፍሉኛል፤ ባይከፍሉኝም ግድ የለም።»

ይመር ዓይኑን ጨፈነ። አሁን ገባው። በዚህ ተራ የቆየ ደንበኛ መኪናው ተሰብራ ሳለ «ተዋት» ካለ፣ እጄ አጥሯል ማለቱ ነው፤ መካኒክ ደግሞ ይህን ቃል ከሽማግሌ አፍ አያወጣም። ዝም ብሎ ይሠራል። ሰውየው አንድ ቀን መጥቶ መኪናውን ደኅና ያገኛታል፤ ስለ ነገሩም ማንም አያነሣም። የሙህዲን አባት ለይመር ሁለት ጊዜ እንዲህ አድርጎለታል። የአገሩ መሐንዲስ ሁሉ ሊያስነሣት የማይችላት መኪና አለችኝ ብሎ ተማምኖ አራት ቀን ሲተኛ፣ ዕቅዱ የፈረሰው በዚያ በሚኮራበት የሰፈሩ ደግነት መሆኑ ነው የቆጨው። ሰውን ሁሉ ፈርቶ ነበር፤ ካድሬውን፣ ቴክኒሻኑን፣ ጆሮ ጠቢውን። መልካም ሰው ለመፍራት አላሰበም።

«ነገ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት» አለ አሸብር ሰሌዳውን ተቀብሎ፣ «እህል በረንዳ ትገኛለህ። እህል ይዘህ ትሄዳለህ፣ ተፈናቃይ ወገኖቻችንን ይዘህ ትመለሳለህ።»

ይመር ሞተሩን አጠፋ። ምላሱ ላይ ሦስት ሰበብ ተሰልፎ ነበር፤ ኩላሊቱ፣ ዓይኑ፣ ሐይቅ ከተማ ያለች የታመመች እህቱ። ሦስቱም ጥሩ ሰበብ ናቸው። ግን ያ ሁሉ ሰው እያየው፣ ይህ ትናንት ትኬት ሲቀድ የነበረ ሰው ጣቱን እያወዛወዘበት፣ ሰበብ መደርደር አስጠላው።

«እህሉን እወስዳለሁ» አለ ከጋቢናው ወርዶ። «በነጻ እወስዳለሁ። ናፍታውንም በራሴ። ሰው ግን አልጭንም።»

«ምን አልክ?»

«ሰምተኸኛል።»

«ወደ ለም መሬት ነው እኮ የሚሄዱት! እዚያው ደረቅ ምድር ላይ ይለቁ ነው የምትለው?»

«አይለቁ ነው የምለው! ለዚህ ነዋ እህል እወስዳለሁ ያልኩህ። ለም መሬት ካለ ንገራቸው። አእምሮ አላቸው፣ እግር አላቸው። የፈለገ ይሳፈራል፣ ያልፈለገ ይቀራል። ኑ እህል እንስጣችሁ ብሎ ጠርቶ በጠመንጃ መክበብ ግን ምን ይባላል? እኛ አገር እንዲህ የሚያዘው በግ ነው፤ ጨው አሳይተው።»

«በፈቃዳቸው ነው የተነሡት። ሰነዱ አለ።»

«ሰነዱ እኔ መኪና ላይ አልነበረም፤ እኔ ነበርኩ። በፈቃዱ የሚሄድ ሰው ከኮምቦልቻ እስከ ደብረ ብርሃን ጣሪያ አይደበድብም! ሚስቱ ውሃ ልትቀዳ እንደወረደች ጥሎ አይሄድም! እኔ ግን ነዳሁ። ፈራሁና ነዳሁ። ያንተ ሰነድ ፈቃደኛ የሚለው እነሱን ሳይሆን እኔን ነው፤ ሁለተኛ ግን አይለኝም።»

ዳቦ ሻጯ እጇን አፏ ላይ አድርጋለች።

የአሸብር ፊት ጠቆረ። «ይህን ቃልህን ሌላ ቦታ ትደግመዋለህ።»

«እደግመዋለሁ። ቃሌ እንደ መኪናዬ መገፋት አያስፈልገውም።»

«መኪናህ?» አለ አሸብር፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ብሎ። «እሷ አንተን የምትጠብቅ መሰለህ? አንተ እስር ቤት ትተኛለህ፣ እሷ ወሎ ትሄዳለች። ሹፌር ሞልቶናል።»

ይህን ይመር አላሰበበትም ነበር። እምቢ ሲል ነገሩ ያለቀ መስሎት ነበር። አሁን ግን ታየው፤ እሱ ታስሮ ሳለ ያች ሰማያዊ መኪና፣ ያች በገዛ እጁ ያሳደጋት፣ ስልሳ ሰው ጭና የጣርማ በርን ዳገት ስትወጣ። ሄዶ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጠ። ዓይኑ ሙህዲን ላይ አረፈ።

የሙህዲን ፈገግታ ከፊቱ ላይ ጠፍቷል። መጀመሪያ ይመርን አየ፤ ከዚያ የራሱን ዘይት የጠጡ እጆች አየ። ጉሮሮውን ጠረገና ወደ ቴክኒሻኑ ዞረ።

«ጓድ ወርቁ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። አዲስ ጓርኒሲዮን የገባለት ሞተር አንዴ ሠርቶ ከሞቀ በኋላ፣ የክዳኑ ብሎኖች እንደገና መጥበቅ የለባቸውም?»

ወርቁ መነጽሩን አስተካከለ። ሙህዲንን አየው፤ ጎማው ላይ የተቀመጠውን ሽማግሌ አየው፤ እርሳሱን ለአፍታ ጠቅ ጠቅ አደረገ።

«አለባቸው» አለ። «መዳብ ሲሆንማ የግድ ነው። ካልጠበቁ መንገድ ላይ ትቀራለች።»

«እንግዲያው ሹፌር ይዤ እስክመለስ አጥብቅ» አለ አሸብር። ለጠባቂው በአገጩ ይመርን አሳየውና ወጣ።

ሙህዲን መፍቻውን ይዞ ሞተሩ ላይ ወጣ። የመጀመሪያው ብሎን ጮኸ። ጠባቂው የገጠር ልጅ ነው፤ ብሎን ወደየት ሲዞር እንደሚጠብቅ ወደየት ሲዞር እንደሚላላ አያውቅም። ወርቁ ያውቃል። ወርቁ ግን ለሞተሩ ጀርባውን ሰጥቶ የመኪናዋን ጎማዎች መቁጠር ጀመረ። አራት ጊዜ ቆጠራቸው። አምስተኛውን ሲጀምር ሙህዲን ሁለት ተሸካሚ ጠርቶ ክዳኑን አስነሣ።

ትሪዋ ወጣች። ይመር እስከዚያች ደቂቃ አላያትም ነበር። የስድስቱም ቀዳዳ ጠርዝ እንደ ቀለበት የተሞረደ፣ የብሎኑ መግቢያ በፀጉር ያህል እንኳ ያልሳተ፣ እንዲህ ያለ ሥራ ከጣሊያኑ የቱሪን ፋብሪካም አይወጣም። ሙህዲን ብረት መቀጥቀጫው ላይ አጋደማት። መዶሻውን አነሣ።

«ተው!» የሚል ቃል ከይመር ጉሮሮ ሊያመልጥ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ዕቃ ሲያድን የኖረ ሰው ነው። አፉን በመዳፉ ያዘ።

ሙህዲን በሦስት ምት አጠፋት።

አሸብር ሹፌር አስከትሎ ሲመለስ ሞተሩ ራሱ ተገልጦ፣ የተጣጠፈ መዳብ መሬት ላይ ተጥሎ አገኘ።

«ምንድን ነው ይሄ!»

«ሳጠብቀው ተበላሸ፣ ጓድ» አለ ሙህዲን። ዓይኑን እንኳን አላርገበገበም።

«ሌላ ሥራ!»

«እናቴ አንድ ትሪ ነው የነበራት።»

ከኋላ አንድ ተሸካሚ ሳቁን ማፈን አቅቶት ሳል አስመሰለው። አሸብር ወደ ወርቁ ዞረ። «ትሠራለች አትሠራም?»

«አትሠራም» አለ ወርቁ። ሰሌዳው ላይ «ለጉዞ ብቁ አይደለችም» ብሎ ጽፎ፣ ፈርሞ፣ ሰጠው። «የምትሠራው ዕቃው ከውጭ ሲገባ ብቻ ነው።»

አሸብር ወረቀቱን ጨብጦ ቆመ። እንደተጫወቱበት ያውቃል፤ እንዴት እንደተጫወቱበት ግን ስለ ሞተር ምንም ስለማያውቅ አያውቅም፤ ያን ሁሉ ሰው ፊት ለፊት አቁሞ እንዴት እንደሆነ ንገሩኝ ማለት ደግሞ አይችልም። ስለዚህ የሚችለውን አደረገ። «ሁለቱንም» አለው ጠባቂውን። «ሁለቱንም ወደ ቀበሌ።»

ይመርና ሙህዲን ጎን ለጎን ሆነው ወጡ። ተሸካሚዎቹ መንገድ ለቀቁላቸው፤ አንዳንዱ ኮፍያውን አነሣ። ዳቦ ሻጯ ምንም ሳትናገር አንድ አንድ ዳቦ በእጃቸው አስያዘቻቸው። አንድ ሰው «ሰዓደትን እናስጠራ?» ሲል ይመር ሰማና «ከኔ ቀድማ ሰምታለች፣ የመርካቶን ወሬ አታውቁም?» አለ።

አውራ ጎዳናው ላይ ሲደርሱ ሙህዲን ዳቦውን ገመጠና «ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?» አለ።

«ብነግርህ አብረኸኝ ትታሰር ነበራ።»

«አሁንስ?»

የይመር ትከሻ መነቅነቅ ጀመረ፤ ሙህዲን የሚያለቅስ መስሎት ደነገጠ፤ ሽማግሌው ግን ይስቅ ነበር።

«ለነገሩ» አለ ሙህዲን ትንሽ ሄደው፣ «ደሴ ደርሳ፣ ወለጋ ደርሳ ትመለስ ነበር። ይህን ይወቁልኝ።»

«ጣርማ በርን አትወጣም ነበር።»

«ማን? የኔ ጓርኒሲዮን?»

«ደብረ ሲና ላይ ታፈነዳዋለች። ትሪ ትሪ ነው።»

«የእናቴን ትሪ አይንኩብኝ፣ ጋሼ ይመር! ሁለት ጊዜ ነው ያጋልኳት፣ ሁለት ጊዜ!»

«ዝም በሉ!» አለ ጠባቂው ከኋላቸው።

«አንተ ደግሞ» አለው ይመር ዞር ብሎ፣ «ስለ ሞተር ምን ታውቃለህ?» ከዚያ ወደ ሙህዲን ተመልሶ፣ ባዶ መኪና ሌላ፣ ሰባ ኩንታል የጫነ ሌላ መሆኑን ያስረዳው ጀመር፤ ሙህዲንም እየተቃወመው ሄዱ።